እስከ ጸደይ ጠብቂ

ጄኔቪቭ ላሮክ ካናታ በተባለች ከተማ ውስጥ የስልክ መስመር ማገናኛ ማሽን በሚሠራ ኩባንያ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግላለች። መጀመሪያ ስትቀጠር በክፍሉ ያለችው ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ ለጉብኝት የሚመጡ ደንበኞች በሩ ላይ ሲያገኟት ካፖርታቸውን አውልቀው ያስታቅፏታል። እሷም ሰቅላላቸው ትመለስና የማሽኑን አሠራር ታስረዳቸዋለች። ቻይ ናት ይሏታል፤ ቻይነቷንም ከሙያዋ ለይታ አታየውም ነበር።

የክፍል ኃላፊ ስትሆን ሴት ሠራተኞችን ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ትሰበስብ ጀመር። ደመወዝ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ንግግር የሚያቋርጥ ወንድ እንዴት አፉን እንዲይዝ እንደሚደረግ ይማከራሉ። በረዶው ሲጀምር ደግሞ መኪናዋን እየነዳች በአካባቢው ሸለቆ ውስጥ ወዳሉ ትንንሽ ከተሞች ትሄድና ለልጃገረድ ተማሪዎች ስለ ሥራዋ ትናገራለች።

ብሪዲ ዶይል የሰማቻት ከእነዚህ ከተሞች በአንዷ፣ ሬንፍሩ ውስጥ ነው። የግንድ ጫኝ መኪና ሾፌር ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ዲግሪዋን ይዛ እዚያው ኩባንያ ተቀጠረችና በመጀመሪያው ረቡዕ በሁሉም ፊት፣ «እኔን እዚህ ያመጡኝ እርስዎ ነዎት» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ጄኔቪቭ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ይህንኑ ለባሏ ሁለት ጊዜ ነገረችው።

ልጅቷ ጎበዝ ሆና ተገኘች። አንድ መስመር ሲበጠስ ማሽኑ ንግግሩን ሳይቆርጥ ወደ ሌላ መስመር የሚያሻግርበትን ዘዴ በሁለተኛ ዓመቷ ፈጠረች። አለቃዋ ክላይቭ ሃርኮርት ግን የፈጠራውን መብት በራሱ ስም ብቻ አስመዘገበ። ብሪዲ ስትጠይቀው፣ «የቡድን ሥራ ነው፤ አንቺ ደግሞ ገና ልጅ ነሽ» ብሎ ሸኛት።

በኅዳር ወር ማስታወሻዎቿን ይዛ ጄኔቪቭ ቢሮ ገባች። ጄኔቪቭ አንብባ ስትጨርስ አንዳች ጥርጣሬ አልቀረባትም። ነገር ግን ኩባንያው ያን ሰሞን አዲስ ምክትል ፕሬዚዳንት ሊሾም ነበር፤ የእሷ ስም ከዕጩዎቹ መካከል አለ፤ ከመራጮቹ አንዱ የክላይቭ የቅርብ ወዳጅ ነው።

«እስከ ጸደይ ጠብቂ» አለቻት። «ሥልጣኑ እጄ ሲገባ ያንቺን ብቻ ሳይሆን የሁላችሁንም አስተካክላለሁ።»

ብሪዲ ማስታወሻዎቿን ሰብስባ፣ «እርስዎ ካሉ እጠብቃለሁ» አለች።

ክላይቭ ግን አልጠበቀም። ልጅቷን ከቡድኑ አውጥቶ የመመሪያ መጻሕፍት እንድታርም መደባት፤ በዓመቱ ምዘናዋም ላይ ከሰው ጋር አትግባባም ብሎ ጻፈባት። የካቲት ላይ ብሪዲ ረቡዕ መምጣት አቆመች። ጄኔቪቭ መቅረቷን አይታለች፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብላ ራሷን አሳመነች። መጋቢት መጨረሻ ሹመቱ ጸደቀ። በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ተብላ ኬክ ተቆረሰላት። ብሪዲ የመግቢያ ካርዷን ጠረጴዛዋ ላይ ትታ ከሄደች ያኔ አራት ቀን ሆኗት ነበር፤ ይህንንም ጄኔቪቭ የሰማችው ሠራተኞቹ ኬኩን እየበሉ ሲያወሩ ነው።

በማግስቱ የኩባንያውን ጠበቃ ጠራች። የብሪዲን ስም በፈጠራው መብት ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ራሷ መፈረም አለባት አላት። ጄኔቪቭ ወረቀቱን ይዛ ሬንፍሩ ሄደች። ብሪዲ የከብት መኖ መሸጫ ውስጥ ተቀጥራለች። ባለሱቁ ሽማግሌ የጄኔቪቭን መኪና በመስኮት አይቶ፣ «የኔ እመቤት፣ እዚያች ላይ አንድ ከረጢት ብንጭን ጎማዋ ይፈነዳል» አለ። የሳቀ አልነበረም።

ብሪዲ ወረቀቱን ቆማ አነበበችና አጥፋ መለሰችላት።

«ኅዳር ላይ ቢሆን እየሮጥኩ እፈርም ነበር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ጄኔቪቭ።

«ክላይቭ የሰረቀኝ አንድ ሥራ ነው፤ ሌላ እሠራ ነበር» አለች ብሪዲ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ከእርስዎ ቢሮ ስወጣ ግን፣ እርስዎ ጋ ካልሆነ የት ይኬዳል አልኩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መነሳት አቃተኝ።»

ጄኔቪቭ ልትነካት እጇን ዘረጋች። ብሪዲ ግን ደንበኛ ገብቶ ነበርና ወደ እሱ ዞረች።

ጄኔቪቭ በክላይቭ ላይ ራሷ ክስ አቀረበች። ባለጉዳይዋ ብሪዲ ካልከሰሰች አይታይም ተባለ፤ ክላይቭም በክብር ጡረታ ወጣ። የፈጠራው መብት ዛሬም በስሙ ነው። ወደ ትምህርት ቤቶቹ አንድ ዓመት ያህል መሄዷን ቀጠለች፤ ሬንፍሩን ግን ዘለለችው። በዚያ ዓመት መጨረሻ አርንፕራየር በምትባል ሌላ ከተማ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ሥራ ቦታ ሰው ቢበድለን ለማን እንናገራለን ብላ ጠየቀቻት። ጄኔቪቭ ለዚህ ጥያቄ ለዓመታት «ለእኔ» ስትል ኖራለች። አሁን አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣላትም። አስተማሪዋ አመመዎት እንዴ ብላ ወንበር አመጣችላት።