በነፋስ የሚቆረጠው መስመር

በቀደም አሰላ ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ «ሲስተም ተቋርጧል» ተባለ። ሁላችንም እንደለመድነው ወንበር ፈለግን። አንድ ጎልማሳ ግን መስኮቱ ላይ ተደፍቶ፣ «ሆን ብላችሁ ነው! ሻይ ልትጠጡ ነው!» እያለ ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ላይ ጮኸ። ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ወጣት ሳለሁ በዚሁ ከተማ፣ በአንድ የእህል ንግድ ድርጅት ውስጥ የስልክ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ቢሮው መሀል ከተማ ነው፤ መጋዘኑ በሳጉሬ መንገድ ወጣ ብሎ። ሁለቱን የሚያገናኘው በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ የድርጅቱ የራሱ ሽቦ ነበር። ስዊችቦርዱ ላይ ተቀምጣ ጥሪ የምታገናኘው ዘይነባ ናት፤ ከገበሬው በኦሮምኛ፣ ከነጋዴው በአማርኛ እየተጫወተች ሁሉንም የምታስተናግድ የአሰላ ልጅ።

ክረምቱ ሲገባ መስመሩ ከሰዓት በኋላ መቆራረጥ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ጠሩኝና፣ «እሷ ናት የምትቆርጠው። የስንዴውን ዋጋ ትሰማና ለሌላ ነጋዴ ታቀብላለች» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም። ዘይነባ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች፤ ስወጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት።

ከመሣሪያዎቹ ጀመርኩ። ስልኮቹን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ቀጥዬ ስዊችቦርዱን ጭራሽ ትቼ የቢሮውን ስልክ ከመጋዘኑ ሽቦ ጋር በቀጥታ አገናኘሁት። ጠዋት ጥርት ብሎ ይሰማል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ መንጫጫት ጀመረና ጭጭ አለ።

«አቶ ግርማ፣ ዘይነባ እጇ የለበትም። በእሷ በኩል ሳያልፍም ይቆረጣል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ማን ቆረጠው? እሱን አምጣልኝ» አሉ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ።

በማግሥቱ መስመሩን ተከትዬ በእግሬ ወጣሁ። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ለብሷል፤ ጥቁሩ ጭቃ ቦቲዬን ይዞ አልለቅም ይላል። ከማሳው የባቄላ አበባ ሽታ ይመጣል፤ እኔ ግን ለማሽተትም ደክሞኝ ነበር። እያንዳንዱን ምሰሶ እየገፋሁ፣ ወደ ላይ እያንጋጠጥኩ ስሄድ ዶፍ ወረደ። ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከደጃፋቸው ሆነው፣ «ኮቱ ልጄ፣ ግባ፣ ያባራ!» አሉኝ።

ጩኮ በእርጎ ሰጡኝ። በቅቤ የታሸው የገብስ ዱቄት ገና ከጉሮሮዬ ሲወርድ እንቅልፍ ወሰድ መለስ አደረገኝ። ዝናቡ አባርቶ ነፋሱ ሲነሳ፣ በበሩ በኩል ሁለቱ ሽቦዎች ሲወዛወዙና እርስ በርስ ሲጋጩ አየሁ። ከጓሯቸው ያለው ምሰሶ መሬቱ ረጥቦ ዘሟል፤ ሽቦውም ረግቧል።

«አባባ፣ ይሄ ምሰሶ ከመቼ ጀምሮ ነው የዘመመው?»

«እኔ እንጃ! ዘንድሮ እኔም እሱም ቀጥ ብለን አልቆምንም» ብለው ሳቁ። ጎረቤት ጠሩልኝና ምሰሶውን አቅንተን፣ ሥሩን በድንጋይ ጠቅጥቀን፣ ሽቦውን ወጠርኩት።

ቢሮ ስደርስ የዘይነባ ወንበር ባዶ ነበር። ቀትር ላይ ቁልፉን አስረክባ ሄዳለች። ነገሩን ስነግራቸው አቶ ግርማ፣ «ጥሩ፣ ትመለስ በላት» አሉ።

ጭቃዬን እንኳ ሳልታጠብ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አብሬያቸው ሠርቼ፣ ለታማኝነቴ ምስክር የሚሆነኝ የዘመመ እንጨት ነው?» አለች። አልተቆጣችም። «አንተ ደክመሃል፤ አላህ ይስጥህ። እኔ ግን ሰለቸኝ። አልመለስም።»

በቦታዋ ሌላ ልጅ ተቀጠረች። መስመሩ ከዚያ ወዲያ ሳይቆረጥ ከረመ። አንድ ቀን አቶ ግርማ በእንግዶች ፊት ወደ አዲሷ ልጅ እየጠቆሙ፣ «ይቺ ጎበዝ ናት፤ እሷ ከመጣች ወዲህ ስልካችን ሰላም አገኘ» ሲሉ ሰማኋቸው። መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ።

ይህን ለዘይነባ እስካሁን አልነገርኳትም። አሁንም አልፎ አልፎ ገበያ ላይ እንገናኛለን፤ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጉልበት ሕመም አውርተን እንለያያለን። ብነግራት ትስቅ ይሆናል። ምናልባትም ታለቅስ ይሆናል። በዚህ ዕድሜዬ ሁለቱንም ቆሜ የማይበት አቅም የለኝም።