በዳቦ ፌስታል ላይ የተሳለ ኩርባ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ባለካሬ ደብተር ልገዛ ጅቡቲ ውስጥ ቡላኦስ የሚባል ሰፈር አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ደብተሩን ገለጥ አድርጌ አሸተትኩት። ባለሱቁ ሳቀብኝ። ምን ልበልህ፤ የአዲስ ወረቀት ሽታ ሁልጊዜ ያንን ቤት ፊቴ ላይ ያመጣብኛል።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ሰው ቤት ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። እመቤቲቱ ድሬዳዋ ያደጉ ስለሆኑ እሳቸውም ልጃቸውም አማርኛ ይችላሉ። ልጅቷ የሊሴ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች። በሒሳብ ወድቃ ክፍል ደግማለች፤ አሁንም ከወደቀች ከትምህርት ቤት እንደሚያስወጧት እናቷ ምለዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ልጅቷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ሳህን ላነሳ ጠጋ ስል ወረቀቷን አየሁት። የኤክስ ኪዩብን ግራፍ ሁለት ካሬ ወደ ግራ ገፍታዋለች፤ ቅንፉ ውስጥ ያለው ግን «ኤክስ ሲቀነስ ሁለት» ነው። ዝም ማለት ነበረብኝ።

«ወደ ቀኝ ነው» አልኳት።

«ሲቀነስ ነው እኮ የሚለው!»

«ቅንፉ ዜሮ የሚሆነው ኤክስ ስንት ሲሆን ነው?»

አሰበች። «ሁለት።»

«እንግዲያው የኩርባው መሃል እዚያ ይሄዳል።»

ስስ የዳቦ ፌስታል ቆርጬ ኩርባውን ሳልኩበትና ካሬዎቹ ላይ ሁለት ወደ ቀኝ፣ ከቅንፉ ውጭ አንድ ስለተደመረ ደግሞ አንድ ወደ ላይ አንሸራተትኩት። በሚቀጥለው ጥያቄ ከቅንፉ ፊት የመቀነስ ምልክት ሲመጣ ገለበጥኩት። እንባዋን ጠርጋ «በቃ? ይኸው ነው?» አለች።

በማግስቱም ደገምነው። በሦስተኛው ቀን እናቷ በር ላይ ቆመው አገኙን።

«አንቺን የቀጠርኩሽ ለኩሽና ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ያን ቀን ሻንጣዬን በልቤ አሰርኩ። ልጅቷ ግን እኔ ድስት ሳጥብ ደብተሯን ይዛ ኩሽና ትመጣ ጀመር። እናቷ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ውጤት የወጣ ዕለት ከሳሎን እልልታ ሰማሁ። አልፋለች። እናቷ ለዘመድ እየደወሉ «ብቻዋን አጥንታ!» ይላሉ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ልጅቷ ገብታ አጠገቤ ቆመች።

«አንቺ ትምህርትሽን ለምን አቋረጥሽ?»

ጅቡቲ ከገባሁ ወዲህ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሞተ» አልኳት።

ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችና ሽንኩርቱን ትልጥ ጀመር። አልቻለችበትም፤ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ትጥለዋለች። ቢላዋውን ግን መልሼ አልወሰድኩባትም።