በፀሐይ የዋለው ብልቃጥ

እረፍት የለሽ ሰው የመድኃኒት አደራ ሊሰጠው አይገባም። ናስተሆን የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ፍርድ አያመነታም ነበር። ጅግጅጋ አድጋ፣ ጅማ ፋርማሲ ተምራ፣ ሀርጌሳ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ የምትሠራው ይህች ሴት ወንበር ላይ ረግታ ስትቀመጥ ያያት የለም።

በዚያ ቀን ከአየር ማረፊያው የምታመጣው አንድ ብልቃጥ ነበር፤ የታካሚዋ የሳማታር መርፌ። የዱቄቱ እያንዳንዱ ቅንጣት መድኃኒቱን ፖሊመር በሚባል ልባስ አቅፎ ይይዛል፤ ፖሊመሩ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየፈረሰ መድኃኒቱን ለሳምንታት በመጠን ይለቃል። አእምሮው የታወከው፣ ኪኒን አልውጥም ባዩ ሳማታር ከእግር ሰንሰለት የተፈታው በዚህ መርፌ ነው። ፖሊመሩ ግን ሙቀት አይችልም። ናስተሆ ይህን አሳምራ እያወቀች የማቀዝቀዣ ሣጥኑ በረዶ እስኪጠና መጠበቅ አቃታትና ያለ ሣጥን ሄደች። ስትመለስም ጓንት ልግዛ ብላ ጋአን ሊባህ ሰፈር ገበያ ወረደች፤ እሷ በዋጋ ስትከራከር ብልቃጡ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ዋለ።

ክሊኒክ ደርሳ አብሮት በመጣው ፈሳሽ ብትበጠብጠው ዱቄቱ አልበተን አለ። እንደ እርጥብ ስኳር ተጓጉሏል።

«ደህና አድርገሽ አልናጥሽውም» አላት አለቃዋ ዶክተር ኤልያብ። «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ረጋ በይ፤ ይሟሟል።»

«መሟሟት የለበትም፣ ዶክተር! ቅንጣቱ እንደ ቅንጣት መንሳፈፍ ነው ያለበት። የመመረቂያ ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ሲሠራ ማማሰያው ከዘገየ ቅንጣቱ ይገዝፋል፣ አለቃቀቁም ይለወጣል። ይሄ ደግሞ ለስልሶ ተጣብቋል።»

«ታዲያ ወፍራም መርፌ አምጪ። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ ሰውየው ደጅ ተቀምጧል።»

«ባንዴ ቢለቀቅበትስ? ጭራሽ ባይወጣስ?»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። በጠረጴዛውና በበሩ መካከል ተመላለሰች፤ ከዚያ ብልቃጡን ጣለችና ከልጇ ጋር ደጅ ወደተቀመጠችው፣ ድሬዳዋ ወዳደገችው የሳማታር እናት ወጣች።

«እናቴ አርዶ፣ መርፌው ተበላሽቷል። ፀሐይ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ።»

አርዶ ልጇን አየች። «ሰንሰለቱን አሁን ጎረቤቴ በሩን ይቆልፍበታል። መልስልኝ ልበለው?»

«አይበሉት። ሌላ እስኪመጣ ኪኒኑን እኔ ራሴ አስውጠዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ኤልያብ ኪኒኑን አዘዘ። ናስተሆ በየማለዳው እነሳማታር ወደሚኖሩበት ሼክ ኑር ሰፈር ወረደች። ሳማታር «አንቺ ሴትዮ፣ መርፌው ለአንቺ ነበር የሚያስፈልገው!» እያለ ዋጠ። አንድ ቀን አሸዋ ላይ ተፋው፤ ከሰዓት ተመልሳ ሄደች። አልታሰረም። አዲሱ ብልቃጥ አየር ማረፊያ ሲደርስ የሣጥኑ በረዶ እስኪጠና ፍሪጁን እየዞረች ጠበቀች።

ፍርዱ ሐሰት አልነበረም፤ ጎዶሎ ነበር። መድኃኒቱን ያበላሸው አለመርጋቷ ነው፤ ዝም እንዳትል የከለከላትም እሱው። ለሳማታር የሚገባው ግን በቅዝቃዜ የተጠበቀ አንድ ብልቃጥ ነበር።