በእርሳቸው ስም የተጠጣው አረቄ

ካርቶኑ ላይ «ለጀማሪ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ቃሉ ቅር እንዳሰኘኝ አስታውሳለሁ። በመካነ ኢየሱስ ከተማ ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ፈሳሽን በእንፋሎት መለየትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥያለሁ። የላከችልኝ አዲስ አበባ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። በውስጡ ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት ድስት፣ የመዳብ ቱቦ፣ የታሸገ እርሾ፣ የአረቄን ኃይል የሚለካ ቀጭን የመስታወት ዘንግና አንድ መመሪያ ነበር።

በዚያ ወር የማርያም ማኅበር ተራ የእኔ ነበር። በሰፈራችን ተራ የደረሰው ሰው ጠላውን ራሱ ይጠምቃል፤ አረቄውን ግን ሁላችንም የምንወስደው ከአንዲት ጎረቤቴ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸውን ያቆሙት የዳጉሳ አረቄ እያወጡ በመሸጥ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። በዚህ ጊዜ ራሴ እንደማወጣ ልነግራቸው ስሄድ ብቅል እያሰጡ አገኘኋቸው።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«ምንም። እርስዎ ይረፉ ብዬ ነው።»

«ደከመኝ ያለሽ ማን ነው?»

እኔ ሣቅሁ፤ እርሳቸው አልሣቁም።

በመመሪያው መሠረት ስኳሩን መዘንሁ፤ የውኃውን ሙቀት ለካሁ፤ በየዕለቱ ማስታወሻ ያዝሁ። ጌሾ የለ፣ ብቅል የለ፤ ቤቱ እንኳ አልሸተተም። የወጣውን መልሼ ዳግመኛ አወጣሁት። በማኅበሩ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዘንጉን ከትቼ ቁጥሩን አነበብሁ። ኃይሉ እትዬ ከሚያወጡት ጋር እኩል መሰለኝ። ጠርሙሶቹን ልከድን ስል እትዬ በሩ ላይ ቆሙ። ወንፊት ልዋስ ብዬ ነው አሉ። ጥቂት ጠብታ በመዳፋቸው ተቀብለው አሹና አሸተቱ። ከዚያም በማንኪያ አስቀድተው ክብሪት ለኮሱበት፤ ማንኪያው እስኪደርቅ ነደደ።

«ይህስ እሳት ነው። ውኃ ጨምሪበት።»

«መሣሪያው ልክ ነው ይላል፣ እትዬ።»

«የሚጠጣው መሣሪያው ነው?»

«በግምት ከመሥራት ይሻላል» አልኋቸው። ትምህርት ለከበደው ተማሪ እንደምናገረው፣ ረጋ ብዬ ነበር ያልሁት። ወንፊቱን ሳይወስዱ ሄዱ።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ከቅዳሴ ወጥቶ መጣ፤ እትዬም ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። የነፍስ አባታችን ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አዛውንት፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንደጨለጡ ፊታቸውን አጨማደው ወደ እትዬ ዞሩ።

«ዛሬስ ጨክነውብናል፣ እመቤት።»

ሰዉ ሣቀ። የእኔ ነው ለማለት ቀላሉ ጊዜ ያ ነበር። ግን ምስጋናው ከፍ እስኪል ልጠብቅ አልሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ወጡ እስኪቀርብ ድረስ ለሙሴ ሁለት ጊዜ ደገምሁላቸው። ወደ ደጅ ሲወጡ ተንገዳግደው በደረጃው ድንጋይ ላይ ወደቁ። ክንዳቸው ተሰበረ። ጋቢ ዘርግተው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷቸው፣ አጥሩ ሥር ሁለት ሰዎች ያስመልሳቸው ነበር።

«የማን አረቄ ነው?» አለ ከማኅበርተኛው አንዱ።

«የማን ይሆናል፤ የሴትዮዋ ነዋ።»

«አርጅተዋል፤ እጃቸው ልኩን ስቷል።»

«ምን ማርጀት ነው? እንዲጠነክር የሆነ ነገር ጨምረውበት ነው እንጂ።»

ጠርሙሱ በእጄ ነበር። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። እንድናገር ጠበቁኝ፤ እኔ ደግሞ እንዳይናገሩብኝ ጠበቅሁ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ሰዉ ሲበተን ዘንጉን መስኮት ላይ ወስጄ አየሁት። ሁለት ረድፍ ቁጥር አለው፤ በአንደኛው ከመቶ ስንቱ አልኮል እንደሆነ ይነበባል፣ በሌላኛው የዚያ እጥፍ። እኔ ከመቶ የሚነበበውን ረድፍ እጥፉ መስሎኝ እውነተኛውን ቁጥር ለሁለት አካፍዬ ነበር። ያቀረብሁት ካሰብሁት እጥፍ የበረታ ነበር። መለኪያውን ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ ለሚያስረክበኝ ተማሪ ነጥብ እነፍገዋለሁ።

በሚከተሉት ሳምንታት ጎረቤቶቹ አረቄ ከሌላ ሰፈር አስመጡ። የእትዬ የብቅል ሰሌን ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደገፈ፤ በራቸው ላይ ማንም ጠርሙስ ይዞ ሲቆም አላየሁም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድሁ።

«ለማኅበሩ እናገራለሁ» አልኋቸው።

«ያን ዕለት አፍሽ ምን ሆኖ ነበር?»

ዓይኔን ወደ ተጠቀለለው ሰሌን መለስሁ።

«በይ ተናገሪ» አሉ። «እኔ ግን አልመጣም። ሲያዩኝ መዋል ሰልችቶኛል።»

በሚቀጥለው ማኅበር ቆሜ ተናገርሁ። አረቄው የእኔ እንደነበረ፣ እትዬ ውኃ ጨምሪበት እንዳሉኝ፣ እንዳልሰማሁ፤ ምንም አላስቀረሁም። ከዚያ ክንዳቸውን በጨርቅ ያንጠለጠሉት ሙሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አያችሁ የተማረ ሰው» አሉ። «ለሴትዮዋ አዝና በራሷ ላይ ልታደርገው ነው።»

«እርሷማ ጨው እንኳ ሳትመዝን አትጨምርም» አለች አንዷ፤ የምትለው ከልቧ ነበር።

«የለም፣ እውነቴን ነው» አልሁ።

«ትሕትናሽን ይቀበልልሽ፤ በቃ ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ የነፍስ አባታችን።

ደግሜ መናገር፣ እስኪያምኑኝ መቆም ነበረብኝ። ሁሉም በአክብሮት እያዩኝ ነበር፤ አክብሮቱም፣ ልደብቀው አልችልም፣ ሞቀኝ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው እትዬ ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥሁ።