ደቅ ደሴት ላይ ያገኘሁት የራሴ ጥፋት

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሳሁ። ለደቅ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር በሠራሁት ሚዛን ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የዕለቱን ዓሣ መዝኖ፣ ኪሎውን ለዓሣው ቁጥር አካፍሎ የአንዱን አማካይ ክብደት ያወጣል፤ ከቀደሙት ቀናት ውጤት ጋርም ይደምረዋል። ሰሞኑን ግን «ናን» ብቻ ያሳያል፤ «ይህ ቁጥር አይደለም» ማለቱ ነው። ማኅበሩ ዛሬ ከሰዓት ተሰብስቦ ሚዛኑን ጥሎ ወደ ደብተር ሊመለስ ነው። ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁና ጨንቆኛል።

አምስት ሰዓት፣ ሐይቁ መሃል

ሞተሩ ጢሱን ለቅቆ ቆመ። ባለጀልባው ይበልጣል ክዳኑን ከፈተ።

«ግሏል» አለኝ።

«ማስጠንቀቂያ የለውም እንዴ?»

«ነበረው። ጩኸቱ ቢሰለቸኝ ሽቦውን ቆረጥሁት።»

ደሜ ፈላ። የሚጮኸው ላንተው ብሎ ነው እያልኩ ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ ሰበክኩት። እሱ ቆሎውን እየቆረጠመ አዳመጠኝ። በዚህ መሃል አንድ የደንገል ታንኳ ቀድሞን አለፈ።

ሰባት ሰዓት፣ ደቅ

መዛኙ ጋሽ ዘውዱ የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡልኝ። ትቼው ወደ ሚዛኑ ሄድኩ።

«መቼ ነው የጀመረው?» አልኳቸው።

«በሚካኤል ዕለት። ያን ቀን መረብ አንጥልም። አንተ ግን አንድም ቀን እንዳይዘለል ብለኸኝ ነበር፤ ባዶውን ቅርጫት አስቀምጬ ቁልፉን ተጫንሁ።»

ዜሮ ኪሎ ሲካፈል ለዜሮ ዓሣ! እንዲህ ያለ ስሌት ሲገጥመው ፕሮግራሙ እንዲቆም አዝዤው ነበር። ቤቴ ስሞክረው እየደጋገመ ቢቆምብኝ ግን ተናድጄ በአንድ መስመር አፉን ዘጋሁት። ስለዚህ ናኑን ዝም ብሎ ዋጠው፤ ከዚያ ወዲያ የተደመረበት ሁሉ ናን ሆነ። ይበልጣል በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አፈርኩ።

ያን መስመርና የተበላሸውን ድምር አጠፋሁ። ከየስሌቱ በኋላ የስህተቱን ምልክት እንዲያይ፣ ካገኘም ውጤቱን ከድምሩ አውጥቶ እንዲጮህ አደረግኩ። ጋሽ ዘውዱ በስብሰባው ፊት ባዶ ቅርጫት አስቀመጡ። ሚዛኑ ጮኸ።

«ዓሣ በሌለ ቀን የለም ካለን ይበቃናል» አሉ። ሚዛኑ ይቆይ ተባለ።

ወደ ቤት

«ለመሆኑ ምኑ ነበር የተበላሸው?» አለኝ ይበልጣል፣ ገመዱን እየፈታ።

መዋሸት እችል ነበር። «ማስጠንቀቂያውን እኔው ዘግቼው ነው» አልኩት።

ከመቀመጫው ስር ፒንሳና የተቆረጠውን ሽቦ አውጥቶ አቀበለኝ፤ ቀጠልኩለት። ዘጌ አጠገብ ጮኸ፣ ቆመን አበረድነው። ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ ቆምን። ራሴን እያመመኝ በጣም ዘግይቼ ቤቴ ገባሁ። ፒንሳው ግን እስከ መጨረሻው በመካከላችን ተቀምጦ ነበር፤ ሁለታችንም አልነካነውም።