የኛ ክረምት

ልጅ ሳለሁ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት ተዘግቶ የምውልበት የሚጠፋኝ ወቅት ነበር። እናቴ የለችም። አባቴ እህል በረንዳ የጤፍ መጋዘን ነበረው፤ ጆንያ ሲራገፍ ልጅ እግር ስር እንዳይገባ እያለ፣ ከሰዓት በኋላ ከመሳለሚያ ዝቅ ብሎ ወዳለው ወደ ጋሼ ኢድሪስ ሱቅ ይልከኝ ነበር። ጋሼ ኢድሪስ የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ነበሩ። ከዚያ በፊት ግን ምጽዋ ላይ በሸራ ጀልባ ሲሠሩ ኖረዋል። «ሸራ ያው ሸራ ነው፤ ያኛው ነፋስ ይይዛል፣ ይኼኛው ዝናብ» ይሉ ነበር።

ወደ ማምሻው ፋኖሱን ያበሩና ክሩን የሚያጠነክሩበትን ሰም ከፍሙ አጠገብ ያስቀምጡታል። ሰሙ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ የሚሸተው ሽታ፣ ከእርጥብ ሸራና ከላምባ ጭስ ጋር ተደባልቆ፣ ያኔ ለእኔ የባሕር ሽታ ነበር። ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ወሬ ስለማይሰማ ተረታቸውን አቋርጠው ይሰፋሉ፤ ጋብ ሲል ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከሁሉ የምወደው የዶሮው ነበር። አንድ ጀልባ ጉም ውስጥ ጠፍቶ ሳለ ዶሮ ሲጮህ ይሰማና መሬት የቀረበ መስሎት ይከተላል። ዶሮው ግን ሌላ ጀልባ ላይ ነው። ያኛውም ጀልባ፣ እነዚህ በጉሙ እንዳይጋጩ የሚመቱትን ቆርቆሮ ሰምቶ፣ መንደር አገኘሁ ብሎ ይከተላቸዋል። ጉሙ ሲገለጥ ሁለቱ እርስ በርስ ሲዞሩ ነው ያረፈዱት።

«ወሽመጡን ስናቋርጥ» ያሉኝ ቀን ስቄ ነበር፤ ወሽመጥ የማውቀው አክስቴ ክፉ ወሬ በሰማች ቁጥር ሲቆረጥባት ብቻ ነው። በደሴቶቹና በየብሱ መሃል ያለ ጠባብ ባሕር መሆኑን ነገሩኝና በቁራጭ ሸራ ላይ በጠመኔ ሣሉልኝ። ከዚያ ወዲያ ተረቱ እቅድ ሆነ። የት እንደምንነሳ፣ የትኛው ደሴት እንደምናድር፣ ስንት ቀን የሚበቃ ውሃና በሶ እንደምንይዝ በየማታው እንወስናለን። የእኔ ሥራ ጉም ሲወርድ ቆርቆሮ መምታት ነበር። «መቺ ከሌለ ጀልባው አይነሳም» አሉኝ። ያለ እኔ የማይሆን ነገር መኖሩን ሰው ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መቼ ነው?» ስላቸው፣ «ክረምቱ ሊወጣ ሲል» አሉኝ። «ያኔ ጉሙ ማለዳ ማለዳ ባሕሩ ላይ ይተኛል።»

ነሐሴን ቀን ስቆጥር ከረምኩ። በጳጉሜን አንድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። በሶና ሹራብ በትንሽ ከረጢት አድርጌ ሱቁ ደጃፍ ቆምኩ። ጎረቤታቸው ገመድ ሻጩ ቀድሞ አየኝ።

«ካፒቴን! ለኔ ዓሣ አትረሺም አይደል?»

ጋሼ ኢድሪስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ። «ወዴት ነው?»

«ክረምቱ ወጣ እኮ።»

«የኛ ክረምት ገና ነው፣ ልጄ።»

ገመድ ሻጩ ወደ ሰማዩ እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ይኼ የሚያዩት ፀሐይ ምንድን ነው?» አለና ተራው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ አቃጠለችኝ። «አንተ ውሸታም» አልኳቸው። እርስዎ ማለት በጥፊ ያስተማሩኝ ልጅ፣ አንተ አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። መርፌያቸው ሸራው ላይ እንደተሰካ ቀረ። ከረጢቴን ይዤ ሮጥኩ፤ ተመልሼም አልሄድኩም።

በጥር መጨረሻ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘሃራ ጋር ቤታችን መጡ። እናታቸው ዘንድ ምጽዋ ሊሄዱ ነው። «ልጅቷን ለአሥራ አምስት ቀን ስጡን፣ እኛ ጋ ነው የምታድረው» ሲሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማኋቸው። ሁሉን ነገር እምቢ የሚለው አባቴ ትንሽ አሰበና፣ «ከእናንተ ጋ ከሆነ ትሂድ» አለ። ሕይወቴን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው። እኔ ግን፣ በጥር ምን ክረምት አለ፣ አዝነውልኝ ነው የመጡት ብዬ ነበር። ወጣሁና «አልሄድም» አልኩ። እትዬ ዘሃራ ልታባብለኝ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ያዟት። «እሺ» ብቻ ብለው ተነሱ። ምጽዋ ሄደው እዚያው ቀሩ። ሱቁን ፍራሽ ሰፊ ተከራየው።

ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በሰው አገር፣ በአንድ የወደብ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ስለ ቀይ ባሕር የተጻፈ የመርከበኞች መምሪያ ሳገላብጥ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። በምጽዋ በኩል ዝናቡ የሚዘንበው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። እኛ በጋ ስንል እነሱ ዘንድ ክረምት ነው። «የኛ» ያሉት የባሕሩን ሰዎች ኖሯል። እኔ ደግሞ የእኔና የእሳቸው መስሎኝ ነበር። አማርኛችን ሁለቱን አይለይም፤ «የነማን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

በዚያ ከተማም ወሽመጥ ነበረ፤ በጋቸው ሊያልቅ ሲል ጉም ይሞላዋል። የሥራ ባልደረቦቼ በየዓመቱ ያንን ሰሞን በጀልባ ሊወጡ ካርታ ዘርግተው ይመክራሉ። ስንቁን የምዘረዝረው፣ ማደሪያውን የምመርጠው እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያቅድ የለም ይሉ ነበር። ቀኑ ሲደርስ አልሄድም። መጀመሪያ ይለምኑኝ ነበር። በኋላ ዝርዝሩን ብቻ ይወስዱ ጀመር።

እንግዲህ ከእነዚያ ምሽቶች ተረቱ ቀረልኝ ብል ደስ ባለኝ። የቀረልኝ ግን እምቢታ ነው። ያኔ ከመጋረጃ ጀርባ ወጥቼ የተናገርኩትን ቃል፣ ሊያገባኝ ለፈለገ ደግ ሰው ተናግሬዋለሁ፣ አባቴ ሲታመም ነይ ብለው ለጻፉልኝ ዘመዶቼም ተናግሬዋለሁ፤ በየጊዜው ጥሩ ጥሩ ምክንያት ነበረኝ። አሁን ተመልሼ መሳለሚያ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ የልጅ ልጅ ደወለችልኝ።

«እማማ፣ ቅዳሜ ላንጋኖ ልንወርድ ነው። መኪናው ላይ ቦታ ይዘንልዎታል።»

ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ጉንፋን አልያዘኝም።