ዜሮ ሚሊሜትር

ሱሉልታ ተከራይቼ በኖርኩባቸው ዓመታት የዝናብ መለኪያ አንባቢ ነበርኩ። ሥራው፣ ሥራ ከተባለ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሰፈሩ ጀርባ አጥር ውስጥ የቆመውን ቆርቆሮ ከፍቶ የተጠራቀመውን ውሃ መለካትና መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ሕጋችን አንድ ነው፤ የወረደውን ጻፊ፣ የሚወርደውን አትናገሪ።

እኔ ግን ምላሴ አያርፍም። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ መንገድ በተዘጋበት በዚያ በጋ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክልን ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ ውቅያኖስ ያወራ ነበር። ክረምቱን የነሳን የሩቁ ውቅያኖስ መሞቅ ነው፤ አሁን ደግሞ ያለወቅቱ ዝናብ ሊያመጣ ይችላል ይላል። የት የት እንደሚዘንብ የሚናገረውን ገጽ አላነበብኩትም። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ወሬውን ግን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረስኩት። ያን ሰሞን ከተኩስ ሌላ ወሬ ያለው ሰው ይደመጥ ነበር። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ጎረቤቴ አንድ አዛውንት ናቸው። የታጨደ ድርቆሻቸው አስፋልት ዳር ተዘርግቷል፤ ለላሞቻቸው ያለቻቸው ያቺው ናት። ወታደሮች ስለሚመላለሱ ወጥቶ የሚከምር ጠፋ። አንድ ጠዋት አጥሩ ጋ መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ? ይዘንባል፣ ወይስ ነገሩ እስኪበርድ ልተወው?»

«ኧረ አባባ፣ ዛሬውኑ ያስከምሩት! ነገ ከነገ ወዲያ ይጥላል።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ልጃቸውን ላኩት፤ ካገባ ገና መንፈቁ ነው። ከምሳ በኋላ መንሹን እንደያዘ ወታደሮች በመኪና ጭነው ወሰዱት። ሚስቱ ስትጮህ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። መክተፌን ቀጠልኩ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ በሽንኩርቱ እንኳ አልመጣም። ከዚያ ያላነበብኩትን ገጽ አነበብኩት። ዝናቡ የደቡብ ቆላ ነው፤ የኛ አካባቢ ደረቅ ይሆናል ይላል።

በሦስተኛው ቀን ወደ መለኪያው ስሄድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ነበር። ቆርቆሮውን ከፈትኩ፤ አቧራና አንድ የሞተ ዝንብ። ብርጭቆዋን ብገለብጣት ዝናብ ትሆንልኛለች፣ «ልክ ነበረች» እባላለሁ። ማን ያያል? ውሃውን መሬት ላይ ደፋሁትና ዜሮ ጻፍኩ። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፣ እጄ ዝሎ ነው።

ቀና ስል አዛውንቱ ቆመዋል። ልጁ አልተመለሰም።

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «አልዘነበም። ሳላነብ ነው የተናገርኩት፤ ዝናቡ ለኛ አገር አልነበረም።»

መዝገቡን አላዩትም።

«እንዳልዘነበማ አውቃለሁ» አሉኝ። «ይመጣል ብዬ ሦስቱንም ሌሊት ደጅ ነው ያደርኩት።»